ኳስ መቺ ያልቆመበት ዋንጫ ፍለጋ

መሥሪያ ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። እኔ ጠቅላላ አገልግሎት ነኝ፤ ማለትም ውኃ ሲጠፋም፣ የፕሪንተር ቀለም ሲያልቅም፣ ማርች 8 ሲደርስም ስልክ የሚደወልልኝ ሰው ነኝ። የካቲት 29 ሲቃረብ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሁለቴ ይሰበሰባል፣ ከዚያ "ሽልማቱን አንቺ ጨርሺው" ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ጨርሻለሁ። ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ዋንጫና ክሪስታል የሚሸጥበት ቤት የማላውቀው ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ስላገኘሁት አንድ ቤት ነው፤ አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ አምስተኛው ለምን እንደቀረ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ግን ብሶቴን ላውጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ያዘዝኳቸው ዋንጫዎች ሲመጡ ሁሉም ጫፋቸው ላይ ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ ሰውዬ ኳስ ሊመታ እግሩን አንስቶ ቆሟል። "ለሴቶች ቀን እኮ ነው" አልኩት ሻጩን። "ችግር የለም፣ ይነቀላል" ብሎ በፒንሳ ነቀለልኝ። ሰውየው ተነቀለ፣ ብሎኑ ቀረ። ሒሳብ ክፍል ያለች ጓደኛዬ ብሎን የበቀለበት ዋንጫ ተሸለመች። እስከ ዛሬ ቴሌቪዥኗ አጠገብ አለ፤ ብሎኑ ላይ የልጇን የትምህርት ቤት ሜዳልያ አንጠልጥላበታለች፣ ቢያንስ ሥራ አግኝቷል።

በቀጣዩ ዓመት ተሸላሚ እኔው ነበርኩ። አምስት ክሪስታል፣ አምስቱም ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፦ "ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ"። ምን አበረከትኩ? አልተጻፈም። አባቴ ደግሞ ወልዴ ነው፤ ክሪስታሉ ላይ ወልዱ ሆነ። የማላውቀው ሰው ልጅ ሆኜ ተሸለምኩ። እኔው ራሴ ያሠራሁት ስለሆነ የምከሰው ሰው እንኳ አልነበረኝም።

ዘንድሮ የማወራላችሁ ቤት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ውስጥ ለውስጥ ባሉት መንገዶች፣ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። ስሙን ያልጻፍኩት ለመደበቅ አይደለም፤ ታፔላው ለመንገድ ሥራ ወርዶ አልተሰቀለም። መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም በእጅ "ዋንጫ፣ ሜዳልያ፣ የስም ሰሌዳ" ተብሎ ተጽፏል፣ ያ ነው ምልክቱ። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ውስጥ ቀለበት ላይ ስም ሲቀርጹ ነው። አሁን ሌዘር ማሽኑን የምታዘው የልጅ ልጃቸው ናት። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የምትጽፈውን ያነባሉ። ሥራቸው ማንበብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ የዚህ ቤት ዋናው ነገርም እሱ ነው።

ሌሎች ቤቶች ስትገቡ ካታሎግ ይዘረጋሉ። እሳቸው የስም ዝርዝሬን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች አዩትና "ምን ምን አድርገው ነው?" አሉኝ።

"የሴቶች ቀን ነው ጋሼ" አልኩ።

"እሱን ሰማሁ። እነዚህ ሰባቱ ምን አድርገው ነው? ሴት በመሆናቸው ብቻ ከሆነ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ያሉት ሰባት ብቻ አይደሉም።"

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቢሮ ተመልሼ ሰባቱንም ዞሬ አለቆቻቸውን ጠየቅኩ። ሁለቱ አለቆች ማሰብ አስፈልጓቸዋል፤ ይህ ራሱ አንድ ዜና ነው። በማግስቱ ለእያንዳንዷ አንድ መስመር ይዤ ሄድኩ። ለጽዳት ሠራተኛችን የተጻፈው "የሦስተኛ ፎቅ እሳት ሳይስፋፋ ያጠፋች" የሚል ነው። ይህን ነገር ከአምስት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ልጅቷ ፊደሉን ያዘችኝ። ከተሸላሚዎቹ የአንዷ ስም ፀሐይ ነው። በጸ ነው በፀ? በሐ ነው በሃ? የሰው ኃይል ፋይል ላይ አንድ ዓይነት፣ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሌላ ዓይነት፣ መታወቂያዋ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ነው። "ራሷን ደውለሽ ጠይቂልኝ፣ መስታወት ላጲስ የለውም" አለችኝ። ሌላው ሁሉ ቤት የላክሁትን ፋይል ከፍቶ ያትማል። ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ደግሞ ኮርል ድሮው የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ ሳጥኑን አትመው የላኩልኝም ነበሩ። እዚህ ግን ወረቀት ላይ አትመው ያስነብቧችኋል፣ ታስፈርማላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌዘሩ የሚበራው።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ ልምጣ። ዘንድሮ ለኮሚቴው ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፦ ወደ ስብሰባ አዳራሹ በሚወስደው ኮሪደር ላይ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙ የአገራችን ሴቶች ስም ያለበት አንድ ሰፊ የአክሪሊክ ሰሌዳ ይሰቀል። ስም፣ ዓመት፣ የሽልማቱ ስም፣ እና (ጋሼ ካስተማሩኝ በኋላ) ምን ሠርታ እንደተሸለመች በአንድ መስመር። ተፈቀደ። የተፈቀደው በጀት ለስድስት ስም ነበር።

ቅርጹን ስናወጣ ሁለት ከሰዓት እዚያ ተቀምጬ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር ከማርች 8 ሁሉ የተዝናናሁበት እሱ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ዓመቱ በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብላ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ 2014 ብሎ ዝም ቢባል የእኛ ሰው የቅርብ ጊዜ ነገር ይመስለዋል። ታች ጥግ ላይ "ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው" ተባለ።

የመጀመሪያዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ 2003፣ የሀንገር ፕሮጀክት የአፍሪካ የአመራር ሽልማት። ጋሼ "የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበረችው?" አሉ። አዎ፣ ግን ያ የመጣው በ2018 ነው። ሽልማቱ የተሰጣት ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቁማ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች ፍርድ ቤት እስከ መቆም በተሄደበት ዘመን ነው። የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 ያደረገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ2000 ሲወጣ ከገፉት አንዱ ይኸው ማኅበር ነበር። ሰሌዳው ላይ "ድሃ ሴት ጠበቃ እንድታገኝ" ብለን አሳጠርነው።

ካትሪን ሃምሊን ላይ ትንሽ ተከራከርን። 2009፣ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት። "አውስትራሊያዊት አይደለችም እንዴ?" አለች ልጅቷ። ጋሼ አልመለሱላትም፣ ዝም ብለው አዩዋት። በ1959 ከባለቤቷ ጋር መጥታ፣ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፍታ፣ በ2020 እዚሁ አዲስ አበባ በ96 ዓመቷ ያረፈችን ሴት ከየት ናት ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ሲሆን ሲሆን ደግሞ በ2012 የክብር ዜግነት ተሰጥቷታል። ገባች።

ስለዚህ ሽልማት አንድ ነገር ነግሬያቸው ነበር፣ ጋሼ እስካሁን የሚያነሱት እሱን ነው። ሽልማቱን ያቋቋመው ያኮብ ፎን ኡክስኩል የሚባል ስዊድናዊና ጀርመናዊ ሰው ነው። የኖቤል ድርጅትን "ለአካባቢና ለድሆች ጉዳይም ሽልማት ጨምሩ፣ እኔም አዋጣለሁ" ብሎ ጠይቆ እምቢ ሲሉት፣ የሰበሰባቸውን ብርቅ ቴምብሮች ሸጦ በ1980 የራሱን ጀመረ። "ቴምብር ሸጦ?" አሉ ጋሼ። ዋናው ፖስታ ቤት ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በወጣትነታቸው እዚያ ተሰልፈው ይገዙ ነበር። አንድ አልበም ሙሉ ነበራቸው፣ ለኪራይ ሸጡት። "እኔ ለኪራይ፣ እሱ ለሽልማት" ብለው ሳቁ።

ቦጋለች ገብሬ፤ 2013፣ የቤልጅየሙ የንጉሥ ቦዱዋን ዓለም አቀፍ የልማት ሽልማት። እዚህ ላይ አንድ መስመር አልበቃንም። ከምባታ ተወልዳ፣ ውጭ ተምራ፣ ተመልሳ በ1997 ድርጅቷን መሠረተች፤ ያደረገችው ደግሞ ሰውን ዛፍ ሥር ሰብስቦ ስለ ግርዛት ማነጋገር ነው፣ ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ። ከዚያ በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ አለመገረዟንና ከእሷ መማር እንደሚቻል የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሺዎች እያዩ። ልጅቷ ማሽኑን አቆመችው። "ደረቷ ላይ?" አለች። አዎ፣ ደረቷ ላይ። ሽልማት ላይ ጽሑፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አልነበረብኝም።

ሰገነት ቀለሙ፤ 2014፣ የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት። ይህ ሽልማት በ1998 የተጀመረ ነው፤ በየዓመቱ ከዓለም ክፍሎች አንድ አንድ፣ በድምሩ አምስት ሴቶች ይመረጣሉ። ሰገነት የአፍሪካና የዓረብ አገሮች ተሸላሚ ነበረች። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያደገች፣ አለማያ የተማረች፣ በኋላም ናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን የመራች የእጽዋት ሐኪም ናት። የተሸለመችበት ጥናት የከብት መኖ ሣር ውስጥ አብረው የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሣሩ በሽታንና የአየር ለውጥን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚረዱት ነው። ጋሼ አሰቡ፣ አሰቡና "ሣሩ ለምን እንዳልታመመ ያወቀች" አሉ። ከዚህ የተሻለ ማሳጠር ዩኔስኮም አይችልም።

በነገራችን ላይ፣ ውጭ አገር የሚጻፈው ሁሉ እሷን "ዶክተር ቀለሙ" ነው የሚላት፤ ቀጥላ የምትመጣውን የትነበርሽን "ንጉሤ"፣ ደራርቱን "ቱሉ"። የአባት ስም የቤተሰብ ስም እየመሰላቸው ሴቶቻችንን አስጠርተው አባቶቻቸውን ይሸልማሉ። የእኔ ወልዱ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ግን ደግሞ የባሰም አለ፦ በ1903 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ሊሰጥ የታሰበው ለፒየር ኩሪና ለቤከሬል ብቻ ነበር። አንድ ስዊድናዊ የሒሳብ ሊቅ ወሬውን ቀድሞ ለፒየር ስላደረሰው፣ ፒየርም "ማሪስ?" ብሎ ስለጻፈ ነው የባለቤቱ የማሪ ኩሪ ስም የገባው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ "ዝርዝሩን ሳያስነብቡ ነዋ ሊያትሙት የነበረው" አሉ።

የትነበርሽ ንጉሤ፤ 2017፣ እንደገና ራይት ላይቭሊሁድ። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣች፣ ሕግ የተማረች፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት የምትሟገት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የመጨረሻዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናት፤ 2019፣ የሲ ኤን ኤን የዓመቱ ጀግና። በሕዝብ ድምፅ የሚሰጥ ሽልማት ብዙም አልወድም፤ ብዙ ስልክ ያለው ወገን ያሸንፋል። ይሄኛው ግን በእራት ሰዓት የማይነሳ ወሬ በእራት ሰዓት እንዲነሳ አድርጓል። መቀሌ ፋብሪካ ከፍታ ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል ሞዴስ ታመርታለች፣ ሴት ልጆች በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ታስተምራለች። እኛ ቢሮ ኃላፊው "ሞዴስ የሚለው ቃል ኮሪደር ላይ ባይሆን፣ የንጽህና መጠበቂያ ቢባል" ብለው ነበር። የልጅቷ መልስ የነጋዴ መልስ ነው፦ "ያኛው ቦታ ይፈጃል፣ ይሄ ሦስት ፊደል ነው፣ ሁሉም ይገባዋል።" የቦታ ጥበት ነው ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ሰሌዳው ላይ "ሞዴስ" ይላል። እስካሁን ኮሪደሩ አልፈረሰም።

ስድስቱ አለቁ ስል ጋሼ "ደራርቱስ?" አሉ።

ደራርቱ ያሸነፈችው ሩጫ ነው፣ ይሄ ሰሌዳ ደግሞ ስለ ሴቶች መብትና ሥራ የተሰጠ ሽልማት ነው፣ በጀቱም ለስድስት ነው አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። "በእኛ 1984 ክረምት ባርሴሎና ስትሮጥ እኔ ሦስት ሴት ልጆች ነበሩኝ። ሴት ልጅ ውኃ ልትቀዳ ካልሆነ ትሮጣለች ብሎ ያሰበ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። በማግስቱ ትንሿ ልጄ በባዶ እግሯ ስትሮጥ እናቷ አልጠራቻትም።" ከዚያ ዝቅ ብለው "እሷን በነጻ እጽፋታለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናት፣ በ10 ሺህ ሜትር። ከኮሚቴዬ ትርጉም የሳቸው ይሻላል። ሰባተኛው መስመር በእጃቸው፣ በቀድሞው የወርቅ ቤት መሣሪያቸው የተቀረጸ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ፊደሉ ከሌሎቹ ትንሽ ይጠልቃል።

ስለ ዋጋና ስለ አሠራር ለሚፈልግ፦ ክሪስታሉ ከነሳጥኑ 3,400 ብር፣ እንጨት ላይ የሚለጠፈው 2,200፣ ቫትን ጨምሮ። ከሦስቱ ፕሮፎርማዬ መካከለኛው ነበር። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ሳትለምኑ ይቆርጣሉ። መኪና ማቆሚያ የለም፣ አያደርሱም፣ ስልክ ደግሞ ማሽኑ ሲሠራ አይሰሙም፤ አራቴ ደውዬ በአምስተኛው በእግሬ ሄድኩ። መብራት ስለጠፋ አንድ ቀን ዘገዩብኝ። ዝግጅቱ አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሆኖ ሐሙስ ምሽት ነው በላዳ ጭኜ የወሰድኩት። (ዝግጅቱ ላይ ቡናውን ያፈሉት እንደ ሁልጊዜው ሴቶች ናቸው፤ እሱ የዋንጫ ቤቱ ጥፋት አይደለም።)

አምስተኛው ኮከብ የጎደለው እንዲህ ነው። ከሰባቱ የኛ ተሸላሚዎች አንዷ የስልክ ኦፕሬተራችን ናት። ዓይነ ስውር ናት፤ ደንበኛን "ሃሎ" ሲል ነው የምታውቀው፣ ደንበኛውም እሷን። የትነበርሽን ሰሌዳው ላይ ሳስጽፍ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ፦ ይሄ ሁሉ ፊደል ለእሷ ለስላሳ መስታወት ነው። "ብሬል ትሠራላችሁ?" አልኩ። አይሠሩም። ሌዘር ይቆፍራል እንጂ አያወጣም። ጋሼ ግን እምቢ ማለት አልሆነላቸውም፤ ብሬል ከምታውቅ ሰው ነጥቦቹን አስጽፌ አመጣሁላቸው፣ ጥቃቅን የብረት ዶቃ አንድ በአንድ በማጣበቂያ ለጠፉ። አምሮ ነበር።

አርብ ስሟ ተጠርቶ ወጣች፣ ተቀበለች፣ መድረኩ ላይ ቆማ ጣቷን አሳለፈችበት። ከዚያ ሳቀች። "የማን ነው ይሄ?" አለች። ሁለት ዶቃ ሳጥኑ ውስጥ ወድቋል፤ ብሬል ላይ አንድ ነጥብ ከወደቀ ፊደሉ ሌላ ፊደል ነው። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔ መሬት በተከፈተልኝ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት፣ እንደገና የተሳሳተ ስም።

ማክሰኞ ጋሼ ራሳቸው መጡ። በፒንሴት፣ የሚቀላቀለውን ጠንካራ ማጣበቂያ ይዘው፣ ስዊችቦርዱ አጠገብ ተቀምጠው አንድ በአንድ ለጠፉት። እሷ በስልክ መካከል እጇን እየሰደደች ታርማቸዋለች፦ "ይቺ ትንሽ ወደ ላይ ጋሼ፣ እሺ፣ ቆይ፣ ሃሎ፣ ላገናኝዎት።" ሒሳብ አልተቀበሉም። ሲወጡ የብሬል ፊደሎችን በሙሉ በወረቀት እንድታዘጋጅላቸው ለመኗት። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ብቅ ስል ወረቀቷ ማሽኑ አጠገብ ተለጥፋ አየኋት። ማዘዝ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የሚቀላቀለው ማጣበቂያ እንዲሆን ከመጀመሪያው ንገሯቸው።